ኦቾሎኒ የጠቀለልኩበት ደብዳቤ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጎጎ ሳጥናቸውን ሊወስዱ መጡ... እኔም ሲያዩት ደስ ይላቸዋል ብዬ እየጠበቅኳቸው ነበር።

ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአገሬ ልጅ ከኤርሚያስ ጋር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ እንሠራለን። እዚህ ሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ «ማይ ፍሬንድ» ነው። በስሜ የሚጠሩኝ ጎረቤታችን ጎጎ ብቻ ናቸው፤ ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። አንድ ቀን የመኖሪያ ፈቃዴን ባንኮኒ ላይ ረስቼ ስወጣ፣ በዚያ በሚያማቸው እግር እስከ ታክሲው ሮጠው ያደረሱልኝ እሳቸው ናቸው።

ከአንድ ወር በፊት ጣሪያቸው ማፍሰስ ሲጀምር፣ አንድ የእንጨት ሳጥን በጋሪ አስገፍተው አመጡና «ደሳለኝ፣ ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቅልኝ» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ካገለገሏቸው ነጭ እመቤት ቤት ያገኙት ነው። እመቤቲቱ ሲሞቱ ልጆቻቸው «የምትፈልጊውን ውሰጂ» ቢሏቸው፣ የመረጡት ያንን ብቻ ነበር። እንጨቱ ጥሩ ስለሆነ ምርጫቸው አልገረመኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳጥኑ ውስጥ አይጥ ገባ። ስከፍተው የወየበ ወረቀት ክምር ብቻ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እንዲያ ያለውን የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም። ማህተም ፈለግሁ... የለውም። ፎቶግራፍም የለውም። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ከቁም ነገር የምቆጥረው ወረቀት እነዚህ ሁለቱ ያሉበትን ብቻ ነበር።

ኤርሚያስ «ጎጎ የአይጥ ፍራሽ ነው እንዴ ያስቀመጡብህ?» ብሎ ሳቀ።

በአገራችን ሱቅ ኦቾሎኒ የሚጠቀለለው በአሮጌ ደብተር ነው፤ እኛም እዚህ በጋዜጣ እንጠቀልላለን። በዚያ ሳምንት ጋዜጣ አልቆብን ነበር... አይጥ ያልነካውን እየመረጥኩ ጠቀለልኩበት። የተበላውን አቃጠልኩት። ሳጥኑን ደግሞ አጥቤ በዘይት ወለወልኩት።

ቅዳሜ ጎጎ ሲያዩት «ሃዉ! እንደ ሙሽራ አሳምረኸዋል!» አሉና ጉንጬን ነካ አደረጉኝ። ከዚያ ክዳኑን ከፈቱ።

«ደብዳቤዎቹስ?»

«የትኞቹ ደብዳቤዎች፣ ጎጎ?»

ዓይናቸው ባንኮኒው ላይ በተደረደሩት የኦቾሎኒ ጥቅልሎች ላይ አርፏል። አንዱን አንስተው ፈቱት፤ ኦቾሎኒው መሬት ላይ ተበተነ። ወረቀቱን በመዳፋቸው እያቃኑ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

የእመቤቲቱ ቅድመ አያቶች በናታል ክፍለ ሀገር ትልቅ የሸንኮራ እርሻ ነበራቸው። ደብዳቤዎቹ የእነሱ ናቸው። በአንደኛው ላይ የእርሻው ጌታ ለወንድሙ ሲጽፍ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት የበካኒ እንደነበረና የዘመዶቹም መቃብር እዚያ እንዳለ አምኗል። በካኒ የጎጎ ቅድመ አያት ነው። እመቤቲቱ አንድ ቀን አንብበውላቸዋል። አሁን የጎጎ ቤተሰብ ኮረብታውን ለማስመለስ አመልክቷል፤ ጠበቃው ደብዳቤውን ይዘው እንዲመጡ የቀጠራቸው ለሰኞ ነበር።

ጎጎ ማንበብ አይችሉም። ያንን ደብዳቤ የሚለዩት ጥጉ ላይ ባለች የሰም ጠብታ ነው።

ሦስታችንም ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ ፈታን። ሰም የለም። «ወረቀት የመለሰ ዳቦ ይወስዳል» ብዬ ለደንበኛ ሁሉ ተናገርኩ። እስከ እሑድ ማታ ስምንት ወረቀት ተመለሰ፤ ዘይት የጠጣ፣ የተረገጠ፣ አንዱም ሕፃን የሳለበት... ሰም ግን የለም።

«ጎጎ፣ ይቅር በሉኝ። የሚፈልጉት ሳጥኑን መስሎኝ ነው...»

«ሳጥን ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ? የበካኒን ስም እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። ቢሮው ነው በቃል የማይቀበለኝ።»

አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። የተገኘውን ወረቀት ሁሉ በሻሽ ጠቅልለው ሄዱ፤ ሳጥኑን ትተውልኝ። ይኸው ባንኮኒው ሥር ያብረቀርቃል።

የእኔን ወረቀት ይዘው በሮጡ ጊዜ... እሳቸውም እኮ ምን እንደተጻፈበት ማንበብ አይችሉም ነበር።