በዚያው የቀረችው ፍየል

ባለፈው ሳምንት ከጀሞ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ከስልኳ እያነበበች ጓደኛዋን እንቆቅልሽ ስትጠይቅ ሰማሁ። ጅብ፣ በግና ጎመን የያዘ ሰው በባጃጅ ቀለበት መንገዱን ሊሻገር ነው አለች። ፈገግ አልኩ። በእኛ ጊዜ ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ነበሩ፤ ባጃጇም ጀልባ ነበረች። ካፍ ወደ አፍ ሲዞር ያልተለወጠ ነገር የለም። ልጅቷ ግን ቀጠለች፦ «የተሻገረች ነፍስም በዚያው ትቀራለች።»

ሁሉም ሲለወጥ ሳትነካ የተረፈችው ይህች መስመር የእኔ ናት። ስህተቷም የእኔ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለቡ መብራት ኃይል እየኖርኩ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ባገኘሁት ወረቀት ጀርባ ሁሉ ግጥም እጽፍ ነበር። ጓደኛዬ ዓይናለም በጥር ልታገባ ሆነ፤ ሠርጉ ሀና ማርያም፣ እናቷ ቤት። የሙሽራዋ ጓደኞች በር ይዘን ሙሽራውን አናስገባም እንላለን፣ ሚዜዎቹ ሽቶ ረጭተው፣ ተለማምጠው ይገባሉ። ይሄ የተለመደ ነው። ለእኔ ግን አነሰኝ። «እንቆቅልሽ እንጠይቃቸው» አልኩ።

የመረጥኩት ሁሉም የሚያውቀውን ነው። ጀልባዋ ከሰውየው ሌላ አንድ ነገር ብቻ ትይዛለች። ነብሩና ፍየሏ ብቻቸውን ከቀሩ ነብሩ ይበላታል፤ ፍየሏና ቅጠሉ ከቀሩ ደግሞ ቅጠሉ የለም። ምሥጢሩ ያሻገሯትን ፍየል መልሶ ማምጣት ነው። እኔ በግጥም አደረግሁት፦

«ጀልባዋ ጠባብ ናት፣ አንድ ብቻ ትጭናለች፤
የተሻገረች ነፍስም በዚያው ትቀራለች።»

ሁለተኛዋን መስመር ቤት እንዲመታልኝ ነው የጨመርኳት። ስላማረችኝ ምን እንደምትል አላሰብኩም።

የምታነብበው የዓይናለም ታናሽ እህት ትዕግስት ነበረች። ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ ስታነብ ስለምትንተባተብ ሰፈሩ ይስቅባታል። «እባክሽ፣ ለእህቴ እኔ ላንብብላት» ብላ ለመነችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ተለማመደች። «አንዲት ቃል ብትስቺ ወዮልሽ!» አልኳት።

የሠርጉ ቀን የቁሌቱ ሽታ ከአቧራው ጋር አስፋልቱ ድረስ ይመጣ ነበር። ትዕግስት በሩ ላይ ቆማ አንድም ቃል ሳትስት አነበበች። አንደኛው ሚዜ ሳቀና ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። የመኪና ቁልፉን ነብር፣ መሐረቡን ፍየል፣ የደረቱን አበባ ቅጠል አድርጎ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ቆየ።

«ፍየሏ ካልተመለሰች እኮ አይሆንም» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እንቆቅልሹን ገድዬዋለሁ።

«አልቻላችሁም! ሀገር ስጡን!» ጮኹ ጓደኞቼ።

«እሺ፣ ጅማን ሰጠናችሁ። በሉ መልሱን!»

በእንቆቅልሽ ሕግ ሀገር የተቀበለ መልሱን መናገር አለበት። ትዕግስት ዞር ብላ አየችኝ። የሙሽራው አጎት፣ ጋብቻውን ከመጀመሪያውም ያልወደዱት ሰውዬ፣ ከኋላ ተጠጉ።

«መልስ የላችሁም?»

ጓደኞቼ እርስ በርስ ተያዩ።

«መልስ የሌለው ነገር ጠይቆ ሀገር መቀበል ንቀት ነው። እኛ መሳቂያ ልንሆን አልመጣንም። ና ልጄ፣ ወደ መኪናው!» ብለው የሙሽራውን ክንድ ያዙ። ከውስጥ የዓይናለም ድምፅ ተሰማኝ፦ «ምን ሆኑ? ለምን አይገቡም?»

«ትዕግስት ናት የተሳሳተችው!» አልኩ። «ፍየሏ ትመለሳለች! ትዕግስት አሳስታ አንብባው ነው!»

«ኧረ እሷማ!» አለ አንድ ሰው፤ ግቢው በሳቅ ፈነዳ። አጎትየውም ሳቁ። ሚዜው መሐረቡን መልሶ፣ አሻግሮ ጨረሰ። በሩ ተከፈተ፣ እልልታው ቀለጠ። ትዕግስት ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጨበጠችው። አውጥታ ብታሳያቸው ኖሮ አልቆልኝ ነበር። አላሳየችም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ፊት ስታነብ ያያት የለም። መስመሯን ግን ሰፈሩ «የትዕግስት ስህተት» እያለ፣ ቃል በቃል ለመሳቂያ ይዟት ዞረ።

ታክሲው ውስጥ ተማሪዋን «የኔ እመቤት፣ ይሄ መልስ የለውም» አልኳት። «ካቃተሽ ሀገር ስጪና!» ብላ ሳቀችብኝ። ሀና ማርያም ስንደርስ መውረጃዬ ሳይሆን «ወራጅ አለ» አልኩ።

ትዕግስት እዚያው አስፋልት ዳር ሱቅ አላት። ስኳር እየመዘነች አገኘኋት።

«ትዕግስት፣ ያኔ በትክክል ነበር ያነበብሽው» አልኳት።

ዓይኗን ከሚዛኑ አላነሳችም። «እሱን ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አውቃለሁ። ያኔ የሳቁትን ፈልጊ።»

አጎትየው ሞተዋል። ሚዜው የት እንዳለ አላውቅም። የድሮው ሰፈር ፈርሶ ጎረቤቱ ተበትኗል፤ ውሸቴን ይዞ የሄደውን ሁሉ አንድ በአንድ አላገኘውም። መስመሯ ግን በየስልኩ እየዞረች ነው። ይህ ታሪኬም እንደሷ ይዙር፤ በየአፉ ሲያልፍ የፈለገውን ይለውጡት፣ ነብሩንም ጅብ ያድርጉት። አንዲት ነገር ብቻ ሳትነካ ትድረስ፦ ትዕግስት አልተሳሳተችም።