ናስር እንደ ጀሪካን፣ እኔ እንደ ድንጋይ፦ ከቺሮ እስከ ሚኤሶ ኩሬ

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቺሮ መናኸሪያ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ብርድ ነው፤ እኔን ግን ብርድ ያውቀኛል፣ አይነካኝም። ጫት ተሸክሜ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ክንዴን ያየ ሰው ሁለቴ ነው ሰላም የሚለኝ።

የምሄደው ሚኤሶ፣ የኢፍቱ አባት ዘንድ ነው። ኢፍቱ እዚህ ቺሮ ነርሲንግ የተማረች ልጅ ናት። ላገባት ነው፤ እሷም እሺ ብላለች። ችግሩ፣ አንድ ቀን "ዋና እንደኔ የሚችል የለም" አልኳት። እሷ ደግሞ ለአባቷ ነገረች። ሽማግሌ ልላክ ስል አባቷ ኦቦ ሙሜ ምን ብለው ላኩብኝ? "መጀመሪያ መጥቶ ኩሬያችን ውስጥ ይዋኝ። በዚህ ከዋሸ በሁሉም ይዋሻል።"

ወላሂ አልዋሸሁም! ወንዛችን ውስጥ ስንቴ ዋኝቻለሁ። ውሃው እስከ ጉልበት ነው፣ እጄም ታች ድንጋዩን ይነካል። ቢሆንም ዋና ዋና ነው።

ጓደኛዬ ናስር ምስክር ሊሆነኝ አብሮኝ መጥቷል። ሳምቡሳ ነው የሚሸጠው፤ ከሚሸጠው የሚበላው ይበልጣል።

"አንተ የሁለት ሰው ትከፍላለህ" አለው ሾፌሩ።

"እሺ፣ ሆዴን መስኮት በኩል አስቀምጠው።"

ቁልቁለቱ ላይ

ሚኒባሱ ሲሞላ ወጣን። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ላይ ጫት፣ ማሽላ፣ ጉም። ትንሽ ወረድ ስትል ጃኬትህን ታወልቃለህ። ከዚያ ግራር፣ አቧራ፣ ግመል።

ወሬዬን ለተሳፋሪው ሁሉ አውርቼ ነበርና ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። "ወንድሜ፣ እኛ ቆላ ላይ ውሃ ስናገኝ እንጠጣዋለን እንጂ አንዋኝበትም።"

ሚኤሶ

ከባድ መኪና መንገዱን ይዞ ተሰልፏል። ሙቀቱ ፊትህን በጥፊ ይላል። የግመል ወተት ጠጣን፤ እኔ አንድ ብርጭቆ፣ ናስር አንድ ጆግ።

ኦቦ ሙሜ ሽርጥ አገልድመው፣ ጺማቸውን ሂና ተቀብተው ኩሬው ዳር ቆመዋል። ሰሞኑን ዘንቦ ኩሬው ሞልቷል። ኢፍቱ አህያ ላይ ቢጫ ጀሪካን እየጫነች በሻሿ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

"ዋናተኛው የትኛው ነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ! እዩኝ እንግዲህ፣ እንዲህ ነው ወንድ..."

እየተናገርኩ ዘለልኩ። እጄ ድንጋይ ቢፈልግ ድንጋይ የለም። እግሬ ቀደመ፣ እኔ ተከተልኩት። ጭቃ ቀመስኩ። ናስር ሊጎትተኝ እጁን ሲዘረጋ አዳልጦት ጧ! ብሎ ገባ። ውሃ ገብቶ የማያውቀው ናስር በጀርባው ተንሳፈፈ! ሆዱ ወደ ሰማይ፣ ዓይኑ ፍጥጥ።

"ሞቻለሁ እንዴ?"

"አልሞትክም፣ ሆድህ ይታያል" አሉት ኦቦ ሙሜ።

እኔ የናስርን እግር ይዤ ወጣሁ። አዎ፣ ቢያሳፍርም ጻፍኩት።

"እንዴት እሱ ተንሳፍፎ እኔ እሰምጣለሁ?" ብዬ ጮህኩ። ኢፍቱ መለሰችልኝ፦

"ስብ ከውሃ ይቀላል፤ ዘይት ውሃ ላይ ሲቀመጥ አላየህም? ጡንቻና አጥንት ግን ይከብዳል። አንተ ጡንቻና አጥንት ብቻ ነህ።"

ይቺን ቃል ወደድኳት። "ታዲያ ጠንካራ ሰው ሁሉ ይስመጥ?"

"ሳንባህን አየር ስትሞላው እኮ እንደተከደነ ባዶ ጀሪካን ነው። አንተ ግን እያወራህ ገባህ፤ አየሩን በወሬ ጨረስከው። ክዳኑን ዝጋ!"

ኦቦ ሙሜ በዱላቸው ውሃውን አሳዩኝ። "አንዴ ይድገም።"

ደረቴን ነፍቼ፣ አፌን ገጥሜ በጀርባዬ ተኛሁ። እግሬ ትንሽ ወረደ፤ ደረቴና ፊቴ ግን ላይ ቀሩ። ተንሳፈፍኩ! "አያችሁ?" ልል ምላሴ በላኝ። ዋጥኩት። ትንፋሽ ሳብ አድርጌ መልሼ ገጠምኩ።

"ምን ሆነ ይሄ ልጅ?" አሉ ኦቦ ሙሜ።

"ዝም ማለቱ ነው" አለ ናስር። "እኔም አይቼው አላውቅም።"

ስወጣ ኦቦ ሙሜ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ዋና አይችልም።" ልቤ እንደገና ሰመጠ። "ግን ሲነግሩት ይሰማል፣ ዝምም ይላል። ለእኔ ቤት ይሄ ይበቃል። ጁምዓ ሽማግሌዎችህን ላክ።"

መልስ፣ ቺሮ

ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ቺሮ እስክንገባ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ናስር ግንባሬን ዳበሰኝ፤ ወባ የያዘኝ መስሎት ነው።