ወንድሜ በውሃ ላይ የሮጠ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን የተሰነጠቀ የውሃ ታንከሩን የሚጠግንለት ሰው አምጥቶ ነበር። ሰውየው ፋይበር ግላሱን ማጣበቂያ እየቀባ ሲለጥፍ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ በመስኮት ገባ። ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ "እማዬ፣ አመመሽ?" አለችኝ። አላመመኝም። ወንድሜ መጥቶብኝ ነው።

ያኔ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ እሱ ሃያ ስድስት ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከአባታችን ጋር ሦስት ሆነን መካኒሳ እንኖር ነበር። አባታችን ከደቡብ፣ ከሐይቅ ዳር የመጣ አናጺ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። ሐይቁ በልጅነቱ ሁለት ወንድሞቹን ስለበላበት በቤታችን የውሃ ወሬ አይነሳም። ወንድሜ መካኒክ ነበር። ከጋራዥ ሲመለስ ቅባት የጠጣ ጣቱን ሳይታጠብ ስልኩን ይከፍታል፤ የሚያየውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በውሃ ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን ለመስበር የሚሮጡ ጀልባዎች። ጀልባው ነጭ ጭራ እየጎተተ ይመጣል፣ አፍንጫው ትንሽ ቀና ይላል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተገልብጦ ይበታተናል። ያችን ቦታ መልሶ መላልሶ ያያታል።

"ስንቱ ሞቶበታል መሰለሽ" አለኝ አንድ ቀን።

"ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀናህ?"

"እዚህ ሰፈር ውሃ ላይ ሮጦ የለካ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኛ ከለካን ክብረ ወሰኑ የእኛ ነው።"

'እኛ' ማለቱ ገዛኝ።

ጓሯችን ውስጥ ከፕላይውድ ጠባብና ዝቅ ያለች ጀልባ ሠራ። ሞተሩን ከተጣለ የዓሣ ጀልባ አግኝቶ፣ ፈታትቶ፣ እንደ አዲስ ገጠመው። እኔ እንጨት እይዝለታለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈትግለታለሁ። ለአባቴ "የሰው ሥራ ነው፣ የዓሣ ማስገሪያ" ብለነዋል።

አንድ እሁድ አባቴ ከአምልኮ ሲመለስ ወንድሜን ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ መሪ ሲያዞር አገኘው። መቀመጫዋ አንድ ብቻ፣ መረብ መጣያ ቦታ የላትም። አናጺ አይደል፣ ገባው። ወደ ጓዳ ሄዶ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ።

የመጀመሪያው ምት ጎኗ ላይ ሲያርፍ ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። ወንድሜ ዘሎ ወርዶ እጁን ያዘው፤ ተናነቁ። አባቴ አስለቅቆ ደገመ፣ መጥረቢያው ጎኗ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። ያን ጊዜ ወንድሜ በቡጢ አፉን መታው። የአባቴ ነጭ የእሁድ ሸሚዝ በደም ራሰ። አንድ ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፍቶ አየውና፣

"ምታኝ" አለ። "ድገመኝ። ብቻ ውሃ ላይ አትውጣብኝ።"

ወንድሜ እዚያው ተንበርክኮ አለቀሰ። ግን በሳምንቱ ቀዳዳውን በፋይበር ግላስ ደፈንነው። ሽታው ቤቱን ሞላው። አባቴ በሩን ዘግቶ እቤት ውስጥ ተቀምጧል፤ ወጥቶ አላየንም።

ጀልባዋን በጭነት መኪና ስንወስዳት ሀይሌ ጋርመንት ላይ መንገድ ተዘጋጋና ቆምን። አንድ የታክሲ ረዳት "ኖኅ፣ ክረምቱ እኮ አለፈ" ብሎ አሳቀብን። ወንድሜም ሳቀ።

ሌሊቱን ተጉዘን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ገና ጠዋት ነበር፤ ውሃው ጸጥ ብሏል። አንድ ዓሣ አስጋሪ በራሱ ጀልባ ሊጠብቀን ተስማማ። ፍጥነቱን የሚለካው ስልክ መሪው ሥር ታስሯል። ወንድሜ ቀድሞ ሮጠ። በሰዓት ሰባ ስምንት ኪሎ ሜትር።

"ካንተ ሃያ ኪሎ እቀላለሁ" አልኩት። "ልሞክራት።"

ትንሽ አመነታና የራሱን የመንሳፈፊያ ጃኬት አልብሶ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አጠበቀልኝ።

እስከ ስልሳ ድረስ ውሃው ይደበድባል። እንደ ድንጋይ ነው። ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ አገጬን መታኝ፤ ምላሴን ነክሼ አፌ ደም ደም አለኝ። ሰባን ሲያልፍ ድብደባው ድንገት ቆመ። ጀልባዋ ውሃውን መንካት የተወች መሰለኝ። ፊት ለፊቴ ብርሃን ብቻ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ አባቴንም ወንድሜንም አላሰብኩም። እንዳያልቅብኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ሰማንያ ስድስት።

ወንድሜ አቅፎ አነሳኝ። ቀጥሎ ቁጥሩን ረጅም ጊዜ አየው። "አንዴ ብቻ ልድገም" አለና ጃኬቱን ተቀብሎኝ ለበሰ። ነፋስ ተነስቶ ውሃው መሸብሸብ ጀምሯል።

"ልጄ፣ ውሃው ተቆጥቷል፣ ይብቃህ" አለው ዓሣ አስጋሪው።

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። "ተው" ብዬው ቢሆን ይተው ነበር። እኔ ግን በቁጥሬ ኮርቼ ዝም አልኩ።

ሲመጣ ነጩን ጭራ አየሁ፤ አፍንጫዋ ቀና ስትልም አየሁ። የተደፈነው ጎኗ እንደ በር ተከፈተ። ወንድሜ ወደ ላይ ተወርውሮ ወደቀ፤ ጀልባዋ ዞራ ላዩ ላይ ተከሰከሰች። ድምፁ የደረሰን ከዚያ በኋላ ነው። በጃኬቱ ጎትቼ ወደ ዓሣ አስጋሪው ጀልባ ሳወጣው ደረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዳር ሳንደርስ ጭኔ ላይ አረፈ። ስልኩ ሰምጧል፤ ስንት እንደሮጠ የሚያውቅ የለም።

አባቴ በቀብሩ ማግስት ስብርባሪው ከተራገፈበት ጓሮ ገብቶ የተከፈተውን ቦታ በጣቱ ሲዳስስ አየሁት። አልጠየቀኝም፤ አልነገርኩትም። በዚያ ዝምታ ውስጥ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ወደ ላፍቶ ወጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የማጣጥፈውን ልብስ እንዳለ ትቼ ታክሲ ያዝኩ። አባቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ሰላም ሳልለው፣

"አባዬ፣ ያን ቀን እኔም ነድቻት ነበር" አልኩት። "በለጥኩት። እኔን ሊበልጥ ነው የተመለሰው።"

መዳፉን ገልብጦ አየው።

"እኔስ መጥረቢያ አንስቼ የለ" አለ።

ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ።

"ፈርቶ ይሆን?"

"ከሰባ በላይ ፍርሃት የለም፣ አባዬ። ድብደባው ይቆማል። ብርሃን ብቻ ነው።"

"ብርሃን" አለ። ዓይኑን ጨፈነ። "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።"