ቆሜ የለመንኩበት ሱፍ

የእህቴ ልጅ ሚስት ያገኘው በተቀደደ ሱሪ ነው። ሱሪው የኔ ነው።

ጊዜው ስልካችን ገና የሚታጠፍ የነበረበት ነው። ልጁ ሚኒሶታ፣ ኒው ሆፕ ከተማ እኛ ቤት እየኖረ ዌስት ሴንት ፖል የምትኖር ልጅ ወደደ። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ያለ ሽማግሌ ወሬ የለም አሉ። ሁለት ጊዜ ሄድን፣ ሁለቴም "እናስብበት" ብለው መለሱን። ሽማግሌ ማመላለስ ወግ ነው፤ ግን ልጅቷ ቴክሳስ ሥራ አግኝታ በወሩ መጨረሻ ልትሄድ ነው።

"ጋሼ፣ በዚህኛው ካልሆነ አለቀልኝ" አለኝ።

ጥፋቱን ፈልጌ ፈልጌ ሱፌ ላይ አገኘሁት። ሁለቱንም ጊዜ የለበስኩት ለራሴ ሰርግ አዲስ አበባ ያሰፋሁትን ቡናማ ሱፍ ነበር። ቡርንስቪል ካለው የገበያ አዳራሽ ሄድኩና ጠባብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወጣቱ ሁሉ የሚለብሰውን ገዛሁ። ዋጋው ከጫማዬ ያንሳል።

"ልትለምን ነው ልትዘፍን?" አለች ሚስቴ።

"ፋሽን ነው።"

"ቡናማው ምን አደረገህ?"

"አርጅቷል።"

"አንተስ? አንተን ጣልኩህ?"

እሁድ ከቸርች በኋላ ሦስት ሆነን ሄድን፦ እኔ፣ አንድ የቸርቻችን ሽማግሌ፣ እና እንደኔ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ። በሩ ላይ ከመኪናችን ወርጄ የበረዶውን ክምር ለመሻገር እግሬን ስዘረጋ፣ ከኋላዬ ጠርርር አለ። የሚኒሶታ ነፋስ የት ድረስ እንደገባ ነገረኝ። ካፖርቴን እንዳልደርብ ደግሞ ፋሽኑ እንዳይሸፈን ብዬ ቤት ትቼዋለሁ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ አየና "ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ ፊት ለፊት ብቻ ነህ" አለኝ። እንዳልመለስ አባትየው በሩን ከፍተው እያዩን ነው።

ገባን። ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን።

"በሉ ተቀመጡ" አሉ።

ሁለቱ ተቀመጡ። ሶፋው ጋ ለመድረስ ግን እኔ ለእናትየውና ለአክስቶቿ ጀርባዬን መስጠት አለብኝ።

"መልሱን ሳልሰማ አልቀመጥም፣ አባቴ።"

"ኧረ ይቀመጡ!"

"አልቀመጥም።"

"በእግዚአብሔር!"

"ልጅቷን ይስጡንና መሬት ላይም እቀመጣለሁ።"

አባትየው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ባለፈው ሁለቴ ሲመጡ" አሉ፣ "ገና ቃል ሳይወጣዎ ሶፋዬ ውስጥ ሰምጠው ነበር። ልጄን እንደ ፒዛ ነው እንዴ የሚያዟት ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ከበደችዎት። ሰጥቻለሁ!"

ለካ ጥፋቱ ሱፉ አልነበረም፤ ታክሲ ላይ ውሎ የደከመው የኔው ወገብ ነበር! አክስቶቿ እልልታውን አቀለጡት። ሁሉም ተነስቶ ሲሳሳም እኔ ከግድግዳው አልላቀቅም። አባትየው ራሳቸው መጥተው አቀፉኝ። የልብስ ሰፊ እጅ ናት፤ ጀርባዬን እየዳበሰች ወረደች፣ ወረደችና ቆመች።

"ከስፌቱ ነው ከጨርቁ?" አሉኝ በጆሮዬ።

"ከስፌቱ" አልኩ። "አባቴ፣ ቃልዎ ግን..."

"ቃሌ እንደዚህ ሱሪ አይደለም።"

ጓዳ ወስደው ጋቢያቸውን አስታጠቁኝና ሱሪውን ገለበጡት። "ይዩ፣ ትርፍ ጨርቅ የሚባል የለውም። ክሩም ለስሙ ነው።" የሰፋውን ሰው ይሰድባሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እጁ ሰነፍ አይደለም። እኔም ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ በልብስ ቁጥር ነው የሚከፈልህ። ቀና ካልክ ምሳህ ቀረ። ለእርስዎ ረክሶልዎ ይሆናል፤ የጎደለውን ግን ይሄ ሰው ከፍሎታል።"

ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስገዛ መስታወት እንጂ ውስጡን አይቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ስፌቱን አብሬያቸው አየሁ።

"ያ ቡናማው የማን እጅ ነው?" አሉ ክራቸውን እያስገቡ። "ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ለሰርጉ እሱን ያምጡልኝ።"

አመጣሁላቸው። የሱሪውን ወገብ ሲፈቱት ውስጡ ሁለት ጣት የሚሞላ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተገኘ። ያ የአዲስ አበባ ልብስ ሰፊ፣ ገና ቀጭን ሙሽራ ሳለሁ፣ ቦርጬ እንደሚመጣ አውቆ ቦታ ትቶለት ነበር።

ልጅቷም ቴክሳስ አልሄደችም። በሰርጋቸው ቀን ቡናማዬን ለብሼ አዳራሹን ዞርኩት፤ ባገኘሁት ወንበር ሁሉ ላይ እየተቀመጥኩ፣ ደግሞ እየተነሳሁ፣ ለሁሉም ጀርባዬን እያሳየሁ።