አይነኬና የዳቦ ጋጋሪው እጅ

ሰፈሩ «አይነኬ» ይለዋል። ሰው ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ እሱ የራሱን ወደ ኪሱ ስለሚሰድ የወጣለት ስም ነው። ኩራት የመሰላቸው አሉ። እኔ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለማውቀው፣ ለኩራት የሚበቃ ነገር ኖሮት እንደማያውቅ እመሰክራለሁ። ጥፋቱ የሥራው ነው።

አይነኬ የሚሠራው የጥንት ሰዎች ምን ይበሉ እንደነበር በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ነው። ከዋሻ የወጣ የመፍጫ ድንጋይ ይመጣለታል፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ተወሽቆ የኖረውን ስታርች፣ ከሥራሥርና ከእህል የሚገኘውን ለዓይን የማይታይ ቅንጣት፣ በጥቂት ውሃ አስለቅቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ችግሩ የጥንቱ ስንዴና የዛሬው ስንዴ እንደ መንታ መመሳሰላቸው ነው። ስለዚህ እዚያ ቤት ዳቦ ክልክል ነው፤ ብስኩት ክልክል ነው፤ ኮሌታው በስታርች የደረቀ ሸሚዝ እንኳ እንደ ወንጀለኛ ከበር ይመለሳል። ጠረጴዛው ላይም ባዶ ስስ መስታወት ይቀመጣል፤ ከአየር የሚወርደውን ብናኝ ተቀብሎ እንዲያሳብቅ።

እንዲህ ያለ ሰው ማንን ቢወድ ይሻለዋል? የልብስ ሰፊ ልጅ፣ የአናጢ ልጅ፣ ቢሻው የዳኛ ልጅ። እሱ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ወደደ።

ከሰው ሁሉ እጅ የሸሸው አይነኬ በየእሑዱ ዱቄት መሀል ተቀምጦ መዋል ጀመረ፤ በየሰኞውም መስታወቱ ላይ ስንዴ ይገኝ ጀመር። ለድንጋይ እንጂ ለሰው የማትራራው ኃላፊ ሠራተኞቹን ሰበሰበች።

«ስንዴው በእግሩ አልመጣም» አለች። «የፊታችን ሰኞ ትልቁን ድንጋይ እናጥባለን። መስታወቱ ካልጠራ ውጤታችንን ማንም አያምንም። ያመጣው ሰው ራሱን ያውቃል።»

አይነኬ ያን ድንጋይ እንደ ሙሽራ ሲጠብቅ የኖረ ነው፤ አንገቱን ደፋ። ይባስ ብሎ እሑድ ልጅቱን ከአባቷ ሊጠይቅ ቀጠሮ ነበረው። ይተላለፍ ቢላት፣ «አባባ ቀጠሮ አይደግምም፤ ካለፈ አለፈ» አለችው። ሄደ።

ጋጋሪው እስከ ክርኑ ነጥቶ እጁን ከሊጡ አንስቶ ዘረጋለት። የአይነኬ እጅ ኪሱ ገባ።

«ምነው ልጄ፣ እጄ ይናከሳል?»

«ኧረ በፍጹም ጋሼ! ዱቄቱ ነው።»

«ዱቄቴ ደግሞ ምን ሆነ?»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። አይነኬ ስለ ድንጋዩም ስለ መስታወቱም ስለ ሰኞም ተናዘዘ። ጋጋሪው በጥሞና ሰማው፤ እጁ ግን እንደተዘረጋ ነው።

«ላልጨበጥኩት ሰው ልጄን አልሰጥም።»

«አባባ፣ ታጥበህ ብትጨብጠውስ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ታጥቤ ያልለቀቀኝ ዛሬ ለእሱ ብሎ ሊለቀኝ ነው?»

አይነኬ ጥቂት አሰበና እጁን ከኪሱ አወጣ። ጋጋሪው በመጨበጥ ብቻ አልተወሰነም፤ አቀፈው፣ ጀርባውንም ደበደበው። ሲለቀው አይነኬ ሊጠበስ የተዘጋጀ ዓሣ መስሎ ነበር።

ሰኞ ከቤተ ሙከራው ደጃፍ ሳያልፍ ኃላፊዋን አስጠራ። «ስንዴው እኔ ነኝ፤ ከምወዳት ልጅ ቤት የሚከተለኝ ነው» አላት።

«የማን ልጅ ናት?»

«የዳቦ ጋጋሪው።»

«አቤት አመራረጥ!» ብላ በሩን ዘጋችበት። ድንጋዩን ሌላ ሰው አጠበው። አይነኬ ሚስቱን ምጥ እንደያዛት ባል ኮሪደሩ ላይ ሲንቆራጠጥ ዋለ።

በማግስቱ ኃላፊዋ ብቅ አለች። መስታወቱ ንጹሕ ነው፤ አንዲት የስንዴ ቅንጣት የለችበትም። ከድንጋዩ የተገኘውም የዱር ሥራሥር ስታርች ነው። ከእንግዲህ አይነኬ በመስታወት ታሽጎ የሚመጣለትን ናሙና ብቻ እንዲመረምር ተወሰነ። ለሳይንስ ካበረከተው ሁሉ ትልቁ የዚያን ቀን አለመግባቱ ሆነ፤ ኃላፊዋም ለዚሁ በሰው ፊት ብታመሰግነው፣ ስድብ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አለየለትም።

ማታውን ለወደፊት አማቱ ነገረው።

«ሥር ብቻ?» አለ ጋጋሪው። «ዳቦ የሚባል የለም?»

«በዚያ ድንጋይ ላይ አልተገኘም ጋሼ።»

ጋጋሪው ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪኖች! ጎረቤታቸው ብሆን ኖሮ የትናንቱን እንኳ አልነፍጋቸውም ነበር።»