የጠፋውና ያልጠፋችው

ልጆች ከመምጣታቸው በፊት ጸሎቷ ረጅም ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ መስኮቱ ሥር ትንበረከክና ከዘመድ እስከ ጎረቤት፣ ከታመመ እስከ ተሰደደ፣ ሁሉንም በየስሙ እየጠራች ለፈጣሪዋ ታስረክብ ነበር። ልጆቹ ከመጡ ወዲህ ግን ያ ጸሎት ተቆራርጦ በየክፍሉ ተበትኗል፤ ግማሹ ማድቤት፣ ግማሹ መታጠቢያ ቤት፣ የተረፈው ደረጃ ላይ።

"ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥት ስጠኝ፤ የዚህንም ካልሲ ወንድም ግለጥልኝ" ትላለች አልጋ ሥር እየዳኸች።

"አሜን" ይላል ባሏ፣ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ።

ሴትዮዋ ጸጉር ሠሪ ናት። እጇ ቀላል ነው፤ ጨዋታዋም ከእጇ አያንስም። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚያስቅ ሰው። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቡ "ዳኛዋ" ይላታል። ዳቦ ሲቆረስ በዓይኗ የምትመዝን፣ ጫማዋን ማንም ሳይነግራት አስተካክላ የምታስቀምጥ፣ ውሸት ከሰማች ቅንድቧ ብቻ የሚናገር ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ አራት ዓመቱ ነው፤ እሱ "አቶ ለምን" ነው። ለምን እንዲህ ተባለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልተገኘም፤ ከራሱ ከልጁ በስተቀር።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት አሮጊት ጉልበት ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው ሕፃናትን ለብዙ ዘመን ያስተማሩ እናት ነበሩ፤ ሁሉም "እማማ" ይላቸዋል። እኚህ ሴት ጉልበታቸውን ታመው ሐኪም ቁጭ በሉ አላቸው። ወዲያው ለማን ቢደውሉ ጥሩ ነው? ለጸጉር ሠሪዋ።

"እማማ፣ እኔ እኮ ጸጉር እንጂ ማስተማር አላውቅም" አለች፣ ስልኩን በትከሻዋ አጣብቃ የደንበኛ ጸጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች።

"ሥራሽ ጭንቅላት አይደለም እንዴ?"

"ነው እንጂ።"

"ይኼም ያው ጭንቅላት ነው። በውስጥ በኩል መሆኑ ነው ልዩነቱ። የጠፋውን በግ ታሪክ ንገሪያቸው፤ እሱ ራሱ ያስተምርልሻል" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሳምንቱን በሙሉ ታሪኩን ደንበኞቿ ላይ ስትለማመድ ከረመች። የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ደግሞ መሸሽ አትችልም። ችግሩ፣ መስማትም አትችልም።

"መቶ በጎች ያሉት አንድ እረኛ ነበር" ትላለች ጸጉር ሠሪዋ።

"ምን? የማን በግ?" ትጮኻለች ደንበኛዋ፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ።

"አንዱ ጠፋበት! ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ሊፈልገው ሄደ!"

ከጎን ያለችው የጨርቅ ነጋዴ ካስኳን ከፍ አድርጋ ጣልቃ ገባች። "ኪሳራ ነው! አንዱን ብሎ ዘጠና ዘጠኙን ለጅብ? እኔ ብሆን የጠፋውን እርም ብዬ በሩን እዘጋለሁ።"

"እግዚአብሔር ነጋዴ ስላልሆነ ነው እኛ የተረፍነው" አለች ጸጉር ሠሪዋ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሷ ግን አባባሏን ራሷ ወደደችውና ለእሑድ ያዘችው።

ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ ለልጆቿ ነገረቻቸው። ከጥጥ በጎች ሠርታ ጠረጴዛው ላይ አሰማራች። ዳኛዋ በጎቹን በመስመር አሰለፈቻቸው። አቶ ለምን አንዱን አንሥቶ ሾርባ ሳህን ውስጥ ከተተው።

"ለምን ጠፋ?"

"ሣር ሣር ሲል ራቀ።"

"እረኛው መታው?"

"አልመታውም። ፈልጎ ሲያገኘው ደስ አለው፤ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤት አመጣው።"

"በትከሻው!" አለ ልጁ። ዓይኑ እንደ አምፖል በራ። "እስከ ቤት ድረስ? ሳያወርደው?"

"ሳያወርደው።"

ልጁ ከዚያ በኋላ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ተኛ። እናት ከዚህ ዝምታ መጠርጠር ነበረባት። ግን የደከመች እናት ዝምታን አትጠረጥርም፤ ታመሰግናለች እንጂ።

እሑድ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ትንንሽ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ልጆች የሳሉት ፀሐይ፣ ጥግ ላይ ክዳኑ የተሰበረ ኦርጋን። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ፈራ ተባ አለች፤ ኋላ ግን ልጅ የሚባል ፍጥረት ሁሉ እንደ ልጆቿ መሆኑን አየችና ተዝናናች። ስለ እረኛው ስትተርክ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወዲያ ወዲህ አየች፤ በአራት እግሯ ሄደች፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ታሪኩ ሲያልቅ "እንግዲህ እኔም በጎቼን ልቁጠር" ብላ ለጨዋታ ያህል መቁጠር ጀመረች።

አንድ ጎደለ።

እንደገና ቆጠረች። አሁንም ጎደለ። የጎደለው ደግሞ የሰው አይደለም፤ የራሷ ነው።

"አንቺ፣ ልጆቹን ጠብቂልኝ!" ብላ ዳኛዋን ፊት ለፊት አቆመችና ወጣች።

ደረጃው ሥር አየች፤ የለም። መጸዳጃ ቤቶቹን አንድ በአንድ ከፈተች፤ የለም። በሩጫ ወደ ግቢው በር ሄደች። ዘበኛው ወንበራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አባባ፣ ይህን የሚያህል ልጅ አልወጣም?"

"በእኔ በኩል? ዝንብ አላለፈችም" አሉ። ፊቷን ሲያዩ ግን ዱላቸውን አንሥተው አብረዋት ተነሡ።

የቀረው ዋናው አዳራሽ ነው። ሰባኪው ስብከታቸው መሐል ደርሰዋል። እሷ በጎን ገብታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከወንበር ሥር ወደ ወንበር ሥር እያየች አለፈች። በጫማ ብቻ ሰው ስትለይ የመጀመሪያዋ ነበር። ያን ጊዜ የጸለየችው ጸሎት በዕድሜዋ ከጸለየችው ሁሉ አጭር ነው፤ "ጌታ ሆይ" ብቻ። ቀጣዩ ቃል አልመጣላትም። ባሏ ከኋለኛው ረድፍ ሆኖ ፊቷን አየና ሳይጠይቅ ተከተላት። ሁለቱም ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ጠባብ ኮሪደር ሲሮጡ እሱ ድንገት ክንዷን ያዛት።

"ጸጥ በይ" አለ። የቧንቧ ሠራተኛ ጆሮ በግድግዳ ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ ይሰማል።

ከመዘምራን ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"በእእእ..."

በሩን በረገደችው። አቶ ለምን በረጃጅሞቹ ልብሶች መካከል ተቀምጧል። ግንባሩ በላብ ረጥቧል፤ ፊቱም ተቆጥቷል።

"ለምን ዘገየሽ?" አለ። "ስንቴ በእ አልኩ!"

በዚያች ቅጽበት እጇ ሁለት ነገር ፈለገ፤ መምታትም ማቀፍም። በመካከል እዚያው ልብሱ መሐል ቁጭ አለች። ልጁ ግን ጊዜ አልሰጣትም።

"በትከሻ" አለ እጁን ዘርግቶ።

"ምን?"

"በትከሻ ነው ያልሽው። ደግሞ ደስ ይበልሽ። እረኛው ደስ ብሎታል ብለሻል።"

ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ለቅሶ ግን አልነበረም። እሷም ምን ታድርግ? የተናገሩት ከሚጠፋ... ልጁን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችና በኮሪደሩ መለሰችው። በአዳራሹ በር ሲያልፉ ሰባኪው ቆም አሉ፤ ምእመናኑም ዞር አሉ። ልጁ እንደ ሹም ግራና ቀኝ እጅ ነሣ። ዘበኛው ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡት። ሰው ሁሉ "እሰይ! እንኳን ተገኘ!" እያለ ጉንጩን ሳመው።

ክፍሉ ሲደርሱ እዚያ የነበረው ጸጥታ ሌላ ነው። ልጆቹ በሙሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዳኛዋ ከፊታቸው ቆማለች። የተነቃነቀ የለም።

"ጎበዝ የኔ ልጅ" አለች እናት በጥድፊያ፤ ዓይኗ ግን አሁንም ትከሻዋ ላይ ያለው ልጅ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የሚወራው ስለ ቁም ሣጥኑ ብቻ ሆነ። አባት የልጁን "በእእእ" እያስመሰለ አሳቀ። አቶ ለምንም ታሪኩን ሲደግመው በእያንዳንዱ ጊዜ ይረዝም ነበር፤ በመጨረሻው ላይ ጅብም ገብቶበታል። ዳኛዋ ግን ሳህኗን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦታው መልሳ ከእናቷ ጎን ቆመች።

"እኔ ጠፍቼ አላውቅም" አለች።

"አዎ የኔ እመቤት፤ አንቺማ መች ጠፍተሽ።"

"ስለዚህ እኔን ማንም አይፈልገኝም።"

ይህን አለችና ጥርሷን ልትቦርሽ ሄደች። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ፍርድ እንደሚነበብ ነው የተናገረችው።

እናት የያዘችውን ሳህን መልሳ ውኃው ውስጥ ከተተችው። መፈለግ የሚሉት ቃል በአንድ አፍ ሁለት ነገር ይናገራል፤ የጠፋ ነገርም ይፈለጋል፤ የተወደደም ይፈለጋል። ልጅቷ የትኛውን ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ ፈራች። ምናልባት ሁለቱንም ቢሆንስ?

ሰኞ ሥራ ላይ ልቧ አብሯት አልነበረም። እሷም የቤት ትልቅ ልጅ ሆና ነው ያደገችው፤ ሳይልኳት የምትሄድ፣ ሳይቆጧት የምትመለስ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሩቅ የተመለሱ ሰዎች ቆመው ሲመሰክሩ ትሰማና፣ "እኔ ምን ብዬ እመሰክራለሁ? ከቤት ወጥቼ አላውቅ" እያለች በልቧ ትቀና ነበር። እግዚአብሔርን ሥራ የበዛበት አድርጋ ነው የምታስበው፤ የጠፋ የሚፈልግ፣ እንደ እሷ ላለች ጊዜ የማይተርፈው። የጨርቅ ነጋዴዋን ጭንቅላት እያጠበች ይህን ስታወጣ ስታወርድ፣ አንድ ነገር ታያት። ዘጠና ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ከሜዳ አልተገኘም። ያ እረኛ አንዱ እንደ ጎደለ ያወቀው እያንዳንዱን ስለሚያውቅ ነው። የቆጠረው የጠፋውን ብቻ አልነበረም፤ ያልጠፉትንም አንድ በአንድ ነክቷቸዋል።

"ኧረ ጆሮዬ! ኧረ ሴትዮ፣ ልታጠምቂኝ ነው?" ብላ ነጋዴዋ ጮኸች። ውኃው አንገቷ ድረስ ወርዶ ነበር።

"ይቅርታ እህቴ፤ በግ እየቆጠርኩ ነው።"

"አሁንም ያ በግ አልተገኘም?"

"እሱስ ተገኝቷል። አሁን የቀረኝ ያልጠፋው ነው።"

የጸጉር ቤቱን ባለቤት አስፈቅዳ በጊዜ ወጣች። ሌላ ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣቸው የጎረቤት ልጅ ናት። ለእሷ ደውላ "ዛሬ ትንሹን ብቻ ውሰጂልኝ" አለቻትና ራሷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ዳኛዋ ቦርሳዋን በሁለቱም ትከሻ አንጠልጥላ ወጣች። እናቷን ስታይ ቆመች፤ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም። አልጠፋሽምም። ዝም ብዬ ፈልጌሽ ነው።"

"እኔን ብቻ?"

"አንቺን ብቻ።"

ልጅቷ ይህን ለጥቂት ጊዜ መረመረችው። ከዚያ እጇን በእናቷ እጅ ውስጥ ከተተችና መዝለል ጀመረች። ዳኛዋ ስትዘል ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ወደ ጸጉር ቤቱ ወሰደቻትና ረጅሙ ወንበር ላይ አወጣቻት፤ እንደ ትልቅ ደንበኛ ጨርቁን አንገቷ ላይ አሰረችላት። "እመቤቴ፣ ዛሬ ምን ይደረግልዎት?" አለቻት። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን ስታይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እናት ጸጉሯን ቀስ ብላ ስታበጥርላት፣ ምላሷም አብሮ ተፈታ። ስለ አስተማሪዋ ነገረቻት፤ ስለ ወንበር ጓደኛዋ እርሳስ መንከስ ነገረቻት፤ ጨለማ እንደምትፈራና ዳኛ ስለሆነች ለማንም እንደማትናገር ነገረቻት። እናት እጇ ላይ የነበረውን ማበጠሪያ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

"እማዬ" አለች ልጅቷ በመጨረሻ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት። "ትምህርቱ ሳይጀመር እሱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ።"

"ምን?"

"አየሁት። ሊጠፋ እንደሆነም ነግሮኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ልቤ ሊወጣ ነበር እኮ!"

"አልጠየቅሽኝማ። 'ልጆቹን ጠብቂ' ነው ያልሽው፤ ጠበቅኳቸው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ደግሞ ስትፈልጊ እንዴት እንደምትሆኚ ማየት ፈልጌ ነበር።"

እናት ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ዓይኗ እስኪያነባ፣ የወንበሩን ክንድ ይዛ። ካስክ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ሳይሰሙ አብረው ሳቁ። ከዚያ የልጅቷን ጉንጭ በሁለት እጇ ያዘች። "እንዳየሽው ነው የምሆነው። ለአንቺም ያው ነኝ፤ ብትጠፊም ባትጠፊም። ሳትጠፊ ብትቀጥዪ ግን እመርጣለሁ፤ ጉልበቴ ሌላ ፍለጋ አይችልም።"

"እሺ" አለች ዳኛዋ። ተፈረደ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ የዳኛዋ ሆነ። አቶ ለምን "ለምን?" ብሎ ሲነሣ ሐሙስ ለእሱ ተሰጠው፤ እሱ ግን ጸጉር ቤት አልፈልግም ብሎ ከአባቱ ጋር ቧንቧ ሊያይ ሄደ። እማማ ጉልበታቸው ተሽሎት ምርኩዝ ይዘው ሲመጡ፣ ልጆቹ አዲሷን አስተማሪ ለመስማት እየተሽቀዳደሙ ቦታ ሲይዙ አዩና "እኔ ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ ልስማ" አሉ።

ለሚቀጥለው እሑድ ምን ልታስተምር እንደሆነ ባሏ ጠየቃት።

"የዮናስን ታሪክ አስቤ ነበር" አለች።

"ኧረ ተይ! ዓሣ ነባሪ ባይኖረንም በርሜል አለን።"

አሰበችበትና ልክ ነው አለች። አምስቱን ዳቦና ሁለቱን ዓሣ አስተማረች። ማንም አልጠፋም። ሆኖም ሕፃናቱ በሙሉ ራባቸውና ስብከቱ ሳያልቅ እየተከታተሉ ወደ ወላጆቻቸው ሄዱ፤ በአዳራሹ ውስጥ የብስኩት ወረቀት ድምፅ ብቻ ሆነ።