የወለተ ሐና ደብተር

ቢቸና ውስጥ የቤት አያያዝ የምታስተምረው ጥሩአየሁ፣ ልጆች የበሉትን ሲጠየቁ «ብዙ» ወይም «ትንሽ» ከማለት በቀር መልስ እንደሌላቸው ያወቀችው አንድ ተማሪዋ ክፍል ውስጥ በረኃብ ተዝለፍልፎ ከወደቀ በኋላ ነው። ልጁ ያን ጠዋት «ጠግቤ ነው የመጣሁ» ብሏት ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጭልፋ፣ ጣሳና የተቆላ ባቄላ ይዛ ክፍል ገባች። ልጆቹ መጀመሪያ በዓይናቸው ይገምታሉ፤ ከዚያ ሰፍረው ያያሉ፤ የሳተ እንደገና ይገምታል። ዓይናቸው ሲለምድ፣ ቤተሰባቸው በየቀኑ የሚበላውን በደብተር እንዲጽፉ አዘዘቻቸው፤ የሚራበውን ልጅ ለይታ ለማወቅ ነው። ከሁሉ የምትበልጠው ከከተማው ዳር፣ ከገበሬ ቤት የምትመጣው የአሥራ አንድ ዓመቷ ወለተ ሐና ነበረች። ለአባቷ ስንት እንጀራ፣ ለታናሾቿ ስንት ቁራሽ እንደደረሰ አንዲት ሳትስት ትጽፋለች።

ጥር ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደምለው መጣና «ጓድ መምህርት፣ ደብተሮቹን ለጥናት እንፈልጋቸዋለን» አላት። ሥራዋ የታወቀላት መስሏት ደስ አላት። ራሷ አስራ፣ ራሷ ተሸክማ አደረሰችለት።

በሳምንቱ ታጣቂዎች የወለተ ሐናን አባት የገብረ ሕይወትን ቤት ከበቡ። ሰውየው ለመንግሥት የእህል ኮታ የሚሰጠው እንደሌለው አመልክቶ ነበር። «በቀን ይህን ያህል የሚበላ ቤት እንዴት እህል የለኝም ይላል?» ብለው ጓዳውን ቆፈሩ። ያገኙትን ሁሉ፣ ለዘር የተቀመጠውን ጤፍ እንኳ ሳያስቀሩ ጫኑት። አራት ሌሎች ቤቶችም እንዲሁ ሆኑ።

ጥሩአየሁ ደምለው ዘንድ ሮጠች። «የሰጠሁት ለልጆቹ ጤና ብዬ ነው!»

«ልጆችሽ ጎበዞች ናቸው» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት። «እኛ በዓመት ያላገኘነውን በሁለት ወር አገኙልን።»

በማግስቱ የወለተ ሐና እናት ሰብለ ወንጌል ትምህርት ቤት መጣች። አልጮኸችም።

«ልጄ አትዋሽም እያልሁ እኮራ ነበር» አለች። «እንግዲህ በባዶ ጓዳ ሰባት ሰው እንዴት እንደሚያድር ደግሞ ያስተምሩን።»



ሰኔ ሳይገባ ወለተ ሐና ሞጣ አክስቷ ቤት ለሥራ ተላከች። ትምህርት ሲዘጋ ጥሩአየሁ እዚያው ድረስ ሄዳ፣ ልጅቷን ጓሮ ልብስ ስታጥብ አገኘቻት። ክንዷ ቀጥኗል።

«የሚሰጡሽ ምግብ ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል፣ እትዬ።»

«ምን ያህል ነው?»

ወለተ ሐና የጓዳውን በር አየት አደረገች። ከዚያ ወደ እጣቢው አቀርቅራ «አላውቅም» አለች።

ጥሩአየሁ ይዛላት የመጣችውን ዳቦ ሰጥታት ተመለሰች። በአዲሱ ዓመት ሌላ ትምህርት እንዲሰጧት ለመነች፤ ተተኪ የለም ተባለች። ከዚያ ወዲያ ከቤት አያያዙ ስፌቱን ብቻ አስተማረች እንጂ፣ ምን በላህ ብላ ልጅ ጠይቃ አታውቅም።